ጉጉቷ ያለችበትን ቦታ ልንገራችሁ?

ነገሩ የሚጀምረው በአንድ ፎቶ ነው። በረዶ የለበሰ መንገድ ዳር፣ የእንጨት ምሰሶ ላይ፣ ፊቷ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ትልቅ ግራጫ ጉጉት ተቀምጣለች። ፎቶ አንሺው ዕድለኛ ነኝ ይላል። ፎቶውን ይለጥፋል፤ ከሥሩ የመንገዱን ስም ይጽፋል። በማግስቱ ጠዋት እዚያው መንገድ ላይ መኪና በመኪና ይሆናል። አንዱ የመኪናውን በር ድርግም ያደርጋል። ሌላው ካሜራውን ተሸክሞ በረዶውን እየጣሰ ይጠጋል። ሦስተኛው፣ ይሄኛው ይብሳል፣ ጉጉቷ ክንፏን ዘርግታ እንድትመጣለት ከእንስሳት መሸጫ የገዛውን አይጥ ይወረውራል። ጉጉቷ ትነሳለች። ትንሽ ራቅ ብላ ታርፋለች። ሰዉም ይከተላታል።

ከሰሜን አሜሪካ እስከ ስካንዲኔቪያ ብርዱ በገባ ቁጥር ይህ ይደጋገማል። የሰሜኑን ረግረግና ደን የሚወዱ ሰዎችም በዚህ ጉዳይ ለሁለት ተከፍለው ይነታረካሉ። አንደኛው ወገን «ቦታውን አትናገሩ፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ባይ ነው። ሌላው «ሰው ዓይቶ የማያውቀውን ነገር ጠብቁ ቢሉት ይጠብቃል ወይ?» ይላል። የሚገርመው ሁለቱም የሚጠቅሱት እውነተኛ ታሪክ አላቸው። ሁለቱንም ታሪኮች አመጣቸዋለሁ። መጀመሪያ ግን ሰው ለምን እዚያ ድረስ ብርድና ትንኝ ችሎ እንደሚሄድ እንይ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ግማሹ ውሃ የሆነ ደን

ቦሪያል የሚባለው የሰሜን ደን ከአላስካ ተነስቶ ካናዳን ያቋርጣል። ውቅያኖሱን ተሻግሮ ደግሞ ከኖርዌይ እስከ ሩሲያ ምሥራቅ ጫፍ ይዘልቃል። ደን ይባል እንጂ በብዙ ቦታ ውሃው ከዛፉ አይተናነስም። በበረዶ ዘመን ግዙፍ ግግር በረዶ መሬቱን ዳምጦት ሄዷል። ሲቀልጥ ጎድጓዳውን ሁሉ ሐይቅና ረግረግ አደረገው። ውሃው መውረጃ የለውም፤ ብርዱ እንዳይተን ይይዘዋል።

በዚህ ውሃ ላይ የሚበቅለው ዋናው ነገር ስፋግነም የሚባል ስፖንጅ የመሰለ አጭር ተክል ነው። የራሱን ደረቅ ክብደት እስከ 20 እጥፍ የሚሆን ውሃ ይይዛል። ዙሪያውን ያለውን ውሃ አሲዳማ ያደርገዋል። ስለዚህ ሲሞት ቶሎ አይበሰብስም። በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ እየተደራረበ ፒት የተባለውን ጥቁር አፈር ይሠራል። ሁለት ሜትር ፒት ላይ የቆመ ሰው የሁለት ሺህ ዓመት ክምር ላይ ቆሟል ማለት ነው። የፒት መሬት ከዓለም የብስ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ይሸፍናል፤ የሚይዘው ካርቦን ግን የዓለም ደኖች በሙሉ ካላቸው ይበልጣል።

ወፎቹን የሚጠራቸው ይህ ውሃ ነው። በሙቀቱ ወራት ፀሐይ እዚያ ትጠልቃለች ለማለት እንኳ ያስቸግራል። ከኩሬው ትንኝ እንደ ጭስ ይነሳል። ለተጓዥ መከራ ነው። ጫጩት ለምታሳድግ ወፍ ግን ሃያ ሰዓት ሙሉ ክፍት የሆነ ማዕድ ነው። በሰሜን አሜሪካው ቦሪያል ደን ብቻ ከ1 እስከ 3 ቢሊዮን ወፎች እንደሚራቡ ይገመታል። ብርዱ ሲቃረብ አብዛኞቹ ወደ ደቡብ ይነጉዳሉ።

የሚቀሩት ጥቂቶቹ ናቸው፤ ወፍ ወዳዶችን የሚያሳብዱትም እነሱ ናቸው። ጥቁር ቆብ የደፋችው ትንሿ ቺካዲ ሌሊቱን ለማለፍ የሰውነት ሙቀቷን በ10 ዲግሪ ገደማ ትቀንሳለች። የሰሜን ዶሮ መሰል ወፎች በረዶ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው ይተኛሉ። ግራጫዋ ጉጉት ግማሽ ሜትር በረዶ ሥር የምትሄድ የሜዳ አይጥ ድምፅ ሰምታ፣ ሳታያት፣ በቀጥታ በላይዋ ትወርዳለች። ይህች ጉጉት ስትታይ ግዙፍ ነች፤ ክንፏ ሲዘረጋ አንድ ሜትር ተኩል ይጠጋል። ሚዛን ላይ ብትወጣ ግን አንድ ኪሎ ገደማ ብትሆን ነው። የቀረው ላባ ነው።

የሜዳ አይጦች ቁጥር በየሦስት አራት ዓመቱ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሲወርድ ጉጉቶቹ ተርበው ወደ ደቡብ ይመጣሉ። በ2004 እና 2005 መካከል በነበረው ብርድ በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ከ5,000 በላይ ግራጫ ጉጉቶች ተቆጠሩ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ያየ ሰው አልነበረም። ከዱሉዝ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ ያለው ሳክስ-ዚም የተባለው ረግረግ በዓለም ወፍ ተመልካቾች ዘንድ ስሙ የገነነውም በእንዲህ ያሉ ጉጉቶች ነው። ያ ዓመት ለተመልካች ፋሲካ ነበር። ለጉጉቶቹ ግን ረሃብ ነበር፤ ብዙዎቹም መንገድ ዳር ሲያድኑ በመኪና ተገጭተው ሞቱ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጉጉቶች በብዛት የሚታዩት ሲቸገሩ ነው። ሰዉ በብዛት የሚመጣውም ያኔ ነው።

ማየት ስንት ያስወጣል?

«አየኋት እንጂ ምን አደረግኋት?» ይላል ሰው። እውነት ነው፤ አንድ ሰው ከርቀት አይቶ ቢሄድ ምንም ማለት አይደለም። ችግሩ ያለው ድምሩ ላይ ነው። ለተራበች ወፍ እያንዳንዱ መነሳት ወጪ ነው። በረዶ ውስጥ የተኛ ወፍ በበረዶ ሸርታቴ ተጫዋች ተደናግጦ ሲወጣ ያጠራቀመውን ሙቀት እዚያው ትቶ ነው የሚሄደው። በአውሮፓ ተራሮች ተመራማሪዎች እነዚህ ወፎች የሚጥሉትን ኩስ ሰብስበው የጭንቀት ሆርሞን ለክተዋል። ሰው በሚበዛበት አካባቢ ሆርሞኑ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ወፉ አልሸሸም፤ አልጮኸም፤ ከውጭ ሲታይ ደህና ነው። ውስጡ ግን ሌላ ነው።

ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ተመልካቾች ወፉ እስኪበር የማይጠብቁት። ወፉ መብላቱን ያቆማል። አንገቱን ያሰግጋል። ላባውን አጣብቆ ይቀጥናል። ጉጉት ከሆነች ዓይኗን ከበረዶው አንስታ እናንተ ላይ ትተክላለች። ያኔ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ወደ ኋላ መመለስ። አይጧን እየፈለገች ከሆነ ደግሞ እናንተን አታያችሁም። ጥሩ ፎቶ የሚገኘውም ያኔ ነው።

ድምፅን በተመለከተ አዲስ ጣጣ መጥቷል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ተቋም በ2021 ሜርሊን በተባለው መተግበሪያው ላይ ድምፅ መለያ ጨመረበት። ስልኩን ወደ ዛፉ ታዞራላችሁ፤ የትኛው ወፍ እየዘመረ እንደሆነ ይነግራችኋል። እኔ በበኩሌ ይህን መሣሪያ በጣም እወደዋለሁ። ጥቅጥቅ ባለ ጥድ ውስጥ ዓይን ብዙም አይረዳም፤ ጀማሪን በአንድ ጠዋት ከደኑ ጋር የሚያስተዋውቅ ነገር ቀላል አይደለም። ግን እዚያው ስልክ ላይ የተቀዳው ዝማሬም አለ። አንዳንዱ ያንን ከፍ አድርጎ ያጫውተዋል። ወፉ ተቀናቃኝ ክልሌን ወረረኝ ብሎ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። አንድ ጊዜ ቢሆን ያልፋል። ታዋቂ የእግር መንገድ ላይ ግን በቀን ሠላሳ ሰው ያንኑ ያደርጋል። ወፉ ቀኑን ሙሉ ከሌለ ጠላት ጋር ሲጣላ ይውላል። የአሜሪካ ወፍ ተመልካቾች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብም ሰው በሚበዛበት ቦታ ይህ እንዲገደብ ይጠይቃል።

የዝምታው ታሪክ

አሁን ወደ ሁለቱ ታሪኮች። የመጀመሪያው የ«አትናገሩ» ወገን የሚወደው ነው።

ሁፒንግ ክሬን የምትባል ነጭ፣ ሰው የምታህል ረጅም ወፍ አለች። (ግንባታ ላይ የምናየው ክሬን ስሙን የወሰደው ከእነዚህ ወፎች ነው፤ አንገታቸውን ያየ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠፋውም።) በ1941 በዱር የቀሩት 21 ገደማ ብቻ ነበሩ። ብርዱን ቴክሳስ ባሕር ዳር፣ አራንሳስ በሚባል ጥብቅ ቦታ እንደሚያሳልፉ ይታወቃል። በሙቀቱ ወራት ግን የት ሄደው እንደሚፈለፍሉ ማንም አያውቅም። ተመራማሪዎች ለዓመታት ሰሜን ካናዳን በአውሮፕላን አሰሱ፤ አላገኙም።

በ1954 የደን እሳት ለማጥፋት ሄደው በሄሊኮፕተር ሲመለሱ የነበሩ ሰዎች ወደ ታች ሲያዩ ነጭ ወፎች ታዩአቸው። ቦታው ዉድ ባፋሎ ብሔራዊ ፓርክ ነበር። ፓርኩ በ1922 የተቋቋመው ለጎሽ ተብሎ ነው። ስለ ክሬኗ ያሰበ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት ሮበርት ፖርተር አለን የተባለው ተመራማሪ በእግሩና በውሃ እዚያ ለመድረስ ደጋግሞ ሞክሮ በስንት መከራ ተሳካለት። ረግረጉ፣ የተጋደመው ዛፍና ትንኙ ወፎቹን ከማንኛውም አጥር በላይ ሲጠብቃቸው ኖሯል። ዛሬም የሚፈለፍሉበት ክፍል ለጎብኚ ዝግ ነው። ጎጆዎቹ የሚቆጠሩት ከአየር ነው። በዚያ መንገድ የሚፈልሱት ወፎች አሁን ከ500 በላይ ሆነዋል።

ከዚህ ታሪክ «ቦታው ስላልታወቀ ዳኑ» የሚል ድምዳሜ ማውጣት ቀላል ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ቦታው ከ1954 ጀምሮ ታውቋል። መጽሔት ላይ ወጥቷል፤ ካርታ ላይ አለ። ወፎቹ የተጠበቁት ሕግ፣ ርቀትና ረግረግ ስላለ ነው።

የጩኸቱ ታሪክ

ሁለተኛው ታሪክ የተገላቢጦሽ ነው። ኦስፕሬ ዓሣ እየጠለፈ የሚበላ አዳኝ ወፍ ነው። በስኮትላንድ በጥይትና በእንቁላል ሰብሳቢዎች ምክንያት ተመናምኖ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ መራባቱን አቁሞ ነበር። በ1950ዎቹ ሎክ ጋርተን በተባለ ሐይቅ አጠገብ አንድ ጥንድ መጣ። የብሪታንያው የወፎች ጥበቃ ማኅበር መጀመሪያ ያሰበው ሁላችንም የምናስበውን ነው፦ በምስጢር መያዝ። ጠባቂ አቆሙ፤ ዝም አሉ።

ምስጢሩ ሾለከ። በ1958 አንድ እንቁላል ሰብሳቢ በጨለማ ዛፉ ላይ ወጥቶ የኦስፕሬውን እንቁላሎች ሰረቀ። በምትካቸው ቡናማ የጫማ ቀለም የተቀቡ የዶሮ እንቁላሎች ትቶ ሄደ። የጫማ ቀለም! ሌባው ለይስሙላ እንኳ መድከሙ ይገርማል።

በቀጣዩ ዓመት በስኮትላንድ የማኅበሩ ኃላፊ የነበረው ጆርጅ ዋተርስተን ማንም ያልጠበቀውን አደረገ። በሩን ከፈተ። ዛፉን በእሾሃማ ሽቦ ከበቡት፤ ቀን ከሌት ጠባቂ አቆሙ፤ ከዛፉ ራቅ አድርገው መመልከቻ ዳስ ሠሩ። ዳሱ ውስጥ ትልልቅ የርቀት መነጽሮች ተተከሉ። ከዚያ ለጋዜጣው ሁሉ «ኑና እዩ» አሉ። በዚያ አንድ ወቅት ብቻ 14,000 ሰው መጣ። ጫጩቶቹም አድገው በረሩ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ያንን ጎጆ የጎበኘው ሰው ከሚሊዮን በላይ ነው፤ በብሪታንያ ያሉት የኦስፕሬ ጥንዶችም ከ200 አልፈዋል።

ሁለቱን ታሪኮች አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጣቸው ነው ነገሩ የሚገለጠው። አንዱ ጋ ዝምታ ነበር፣ ሌላው ጋ ጩኸት። ውጤቱ አንድ ነው። ሁለቱም ጋ በሰውና በወፉ መካከል የቆመ ነገር ነበር። ዉድ ባፋሎ ላይ የቆመው ረግረጉና የፓርኩ ሕግ ነው። ሎክ ጋርተን ላይ ሽቦው፣ ጠባቂውና ዳሱ። በበረዷማው መንገድ ዳር ያለችው ጉጉት ጋ ግን ምን ቆሟል? ምንም። መንገዱ የሕዝብ ነው፤ ጠባቂ የለም፤ ጉጉቷም ነገ እዚያ ላትሆን ትችላለች። ስለዚህ «ቦታውን ልናገር?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት «እዚያ የሚሄደውን ሰው የሚያስቆመው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ።

ይህን ጥያቄ ይዘን ሌሎች ቦታዎችን እንይ።

ስዊድን ውስጥ ሆርንቦርጋ የሚባል ሐይቅ አለ። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መጀመሪያ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ክሬኖች ወደ ሰሜን ሲያልፉ እዚያ ያርፋሉ። ጥሩ በሆነ ቀን ከ20,000 በላይ ይቆጠራሉ። ክንፋቸውን ዘርግተው ይዘላሉ፣ ይሰግዳሉ፣ ሣር እየነጠቁ ወደ ላይ ይወረውራሉ፤ ጭፈራ ነው። ሰዉም በአውቶቡስ ሳይቀር ይጎርፋል። ወፎቹ ግን ደንታ የላቸውም። ምክንያቱም ሰዉ ሁልጊዜ በአንድ በኩል፣ ከአጥሩ ወዲህ፣ በዚያው መስመር ላይ ነው የሚቆመው። ወፍ የሚፈራው ሰውን ብቻ አይደለም፤ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ሰውን ነው።

የሆርንቦርጋ ክሬኖች የመጡበት ምክንያት ደግሞ ያስቃል። በአካባቢው ለአረቄ መሥሪያ ድንች ይዘራ ነበር። ክሬኖቹ ማሳው ላይ የቀረውን ድንች ሊለቅሙ ይመጡ ነበር። የድንች እርሻው ሲቀር ወፎቹ ወደ ገበሬው አዝርዕት እንዳይዞሩ ገብስ ይበተንላቸው ጀመር። እስከ ዛሬ ይበተናል።

መመገብ ግን የራሱ ዕዳ አለው። በሰሜን ጃፓን ሆካይዶ ደሴት፣ በኩሺሮ ረግረግ ያሉት ባለ ቀይ አናት ክሬኖች በ1952 ሲቆጠሩ 33 ብቻ ነበሩ። የአካባቢው ሰዎች በብርዱ በቆሎ እየሰጡ አተረፏቸው። አሁን ከ1,000 በላይ ናቸው። ሆኖም ወፎቹ በጥቂት መመገቢያዎች ላይ ስለተከማቹ አንድ በሽታ ቢገባ በአንዴ ሊጨርሳቸው ይችላል የሚል ስጋት መጣ። መንግሥት አሁን የሚሰጠውን እህል እየቀነሰ እንዲበታተኑ እየሞከረ ነው። ያተረፈውን እጅ ቀስ ብሎ መሰብሰብ ከባድ ሥራ ነው።

ፊንላንድ ውስጥ፣ ከሩሲያ ድንበር አጠገብ፣ ድብ የሚታይባቸው ዳሶችም በምግብ ነው የሚሠሩት። ሰው አመሻሽ ላይ ይገባል፤ ጨለማ በሌለበት ሌሊት ድምፁን አጥፍቶ ያድራል፤ ድቡ የተቀመጠለትን ሥጋ ፍለጋ ከረግረጉ ማዶ ይመጣል። ዱር ነው ወይስ መድረክ? እኔ እንጃ። ድብ ሰውን ከምግብ ጋር እንዳያያይዝ የሚጠነቀቁ ባለ ዳሶች እንዳሉ ሁሉ፣ ነገሩ ጭራሽ ሊቀር ይገባል የሚሉም አሉ። ከጉጉቷ አይጥ የሚለየው ግን ግልጽ ነው። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው እስኪነጋ አይወጣም።

አስቸጋሪው ወፍ

ሁሉም ነገር እንዲህ በቀላሉ አይፈታም። ካፐርኬይሊን እንውሰድ። ወንዱ አራት ኪሎ የሚመዝን፣ ጥቁር፣ ተርኪ የሚያህል የጥድ ደን ወፍ ነው። በሚያዝያ ገና ሳይነጋ ወንዶቹ በአንድ ቦታ ተሰብስበው ጅራታቸውን እንደ ማራገቢያ ዘርግተው ይፎክራሉ። ድምፃቸው መጨረሻ ላይ የጠርሙስ ቡሽ ሲፈነጠር ይመስላል። ሴቶቹ መጥተው ይመርጣሉ። ቦታው በየዓመቱ ያው ነው። አንድ ሰው ካወቀው ለዘላለም ያውቀዋል ማለት ነው።

ስኮትላንድ ውስጥ በ2021 እና 2022 በተደረገው ቆጠራ የቀሩት 532 ገደማ ሆነው ተገኙ። አብዛኞቹ ኬርንጎርምስ በተባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ናቸው። ፓርኩ ደግሞ በእግር መንገድና በብስክሌት መስመር የተሞላ ነው። ጥናቶች እንዳሳዩት እነዚህ ወፎች ደኑ ቢመቻቸውም እንኳ መንገድ አጠገብ ያለውን ክፍል ይሸሹታል። አንድ ጠባብ መንገድ ሲወጣ በግራና በቀኝ ያለው ደን አብሮ ይጠፋባቸዋል። ለዚህ የሎክ ጋርተን ዓይነት ዳስ በቀላሉ አይሠራም፤ ኦስፕሬ ከፍ ያለ ዛፍ ላይ ነው፣ እነሱ መሬት ላይ ናቸው። የጥበቃ ድርጅቶቹም በግልጽ «ፈልጋችሁ አትሂዱ» የሚል ዘመቻ ጀምረዋል። የሚፎክሩ ወፎችን ሆን ብሎ መረበሽም በስኮትላንድ ሕግ ያስከስሳል።

እዚህ ላይ የ«አትናገሩ» ወገን ትክክል ነው። በሙሉ ልብ። ግን ያው ወፍ ፊንላንድ ውስጥ ሰፊ ደን ላይ በብዛት ይኖራል፤ እንዲያውም በፈቃድ ይታደናል። ምስጢሩ ከወፉ ጋር አብሮ የሚጓዝ ነገር አይደለም። እንደ ቦታው ነው።

መረጃው የማን ነው?

የቦታ ጉዳይ ሲነሳ ኢበርድን መዝለል አይቻልም። ኢበርድ በ2002 የተጀመረ የወፍ ምዝገባ ሥርዓት ነው። ማንም ሰው ያየውን ወፍ፣ ቀኑንና ቦታውን ይመዘግባል። በ2021 የተመዘገበው ምልከታ ከአንድ ቢሊዮን አለፈ። ይህ መረጃ ባይኖር ወፎች የት እየቀነሱ እንደሆነ ብዙ ነገር አናውቅም ነበር። ሰሜን አሜሪካ ከ1970 ወዲህ 3 ቢሊዮን ያህል ወፎች እንዳጣች በ2019 የወጣው ትልቅ ጥናትም የቆመው በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች ቆጠራ ላይ ነው። ለዚህ ነው «ሁሉንም ነገር ደብቁ» የሚለውን ሰው የማልቀበለው። የተደበቀ መረጃ ለማንም አይከራከርም።

ኢበርድ መሃል ላይ መንገድ አግኝቷል። ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ትክክለኛ ቦታ አያሳይም። መረጃው ይገባል፤ ሕዝቡ የሚያየው ግን በየጎኑ 20 ኪሎ ሜትር በሆነ ሰፊ አራት ማዕዘን ውስጥ የሆነ ቦታ መታየቱን ብቻ ነው። አይናቹራሊስት የተባለው መድረክም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። ተመራማሪው ይጠቀምበታል፤ ባለ አይጡ ፎቶ አንሺ አይጠቀምበትም።

ቀዳዳው ማኅበራዊ ሚዲያ ነው። እዚያ የሚያደበዝዝ የለም። ቦታው ባይጻፍ እንኳ ከፎቶው ኋላ ያለው ጎተራ፣ የመንገዱ ምልክት፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶው ይናገራል። ስለዚህ ቀላል ልማድ እየተለመደ ነው፤ ፎቶውን ጉጉቷ ከሄደች በኋላ መለጠፍ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ብትለጥፉት ውበቱ አይቀንስም። የአድናቆቱ ብዛት ሊቀንስ ይችላል። የአንዳንዱ ሰው ችግርም እዚያ ላይ ነው።

ሰሌዳው

በሰውና በወፉ መካከል ከሚቆሙት ነገሮች ሁሉ በጣም የምወደው የእንጨት ሰሌዳውን ነው። ፊንላንድና ኢስቶኒያ ውስጥ ረግረጉ ላይ ሁለት ጣውላ አጠገብ ለአጠገብ አጋድመው ኪሎ ሜትሮችን የሚያስኬድ መንገድ ሠርተዋል። በእነዚህ አገሮች ማንም ሰው በማንም ደን የመዘዋወር መብት አለው። ሰው ግን በገዛ እግሩ ሰሌዳው ላይ ይቆያል። ለምን? ከሰሌዳው ከወረደ እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል። ማንም አልከለከለውም፤ ካልሲው ከለከለው። ወፎቹም ሰው የሚያልፈው በዚያ መስመር ብቻ መሆኑን ይለምዳሉ። አጠገባቸው ሲያልፍ ቀና ብለው አይተው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ስፋግነሙም ይተርፋል፤ ሰው ደጋግሞ የረገጠው ቦታ ለዓመታት ጠባሳው አይጠፋም።

ከሰሌዳው የሚያመልጠው ውሻ ነው። መሬት ላይ ለሚፈለፍል ወፍ የለቀቁት ውሻ ቀበሮ ነው። ኖርዌይ ከሚያዝያ 1 እስከ ነሐሴ 20 ውሻ በገመድ እንዲያዝ በሕግ አዛለች። ይህን ሕግ ጎብኚዎች ቢያጉረመርሙበትም እኔ አንድም ነገር አልቀንስለትም።

እስካሁን ስለ ጉጉትና ስለ ካሜራ ስናወራ ትልቁ ነገር ከኋላችን ቆሟል። ለሰሜኑ ወፎች ዋናው ስጋት ተመልካች አይደለም። ቦዩ ነው። ከፊንላንድ የቆዳ ስፋት ሲሶ ያህሉ የፒት መሬት ነበር፤ ከዚያ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለደን ልማት ተብሎ በቦይ ተንጠፍጥፏል። ረግረግ ሲደርቅ ትንኙ ይሄዳል፣ ትንኙን ተከትሎ ወፉ ይሄዳል፤ ሺህ ዓመት የተከማቸው ካርቦንም ወደ አየር ይወጣል። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያወጣው የተፈጥሮ ማገገሚያ ሕግ አባል አገሮች ለእርሻ ከተንጠፈጠፈው የፒት መሬት 30 በመቶውን እስከ 2030 ወደ ማገገም ሥራ እንዲያስገቡ ይጠይቃል። ገበሬውም የእንጨት ኩባንያውም በዚህ ሕግ ደስተኛ አይደለም፤ ገና ብዙ ያነታርካል።

ተመልካች የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ያ የክሬን ጭፈራ የሚታይበት ሆርንቦርጋ አንድ ወቅት ሞቶ ነበር። ከ1802 እስከ 1933 ድረስ እርሻ እናገኛለን ብለው ውሃውን አምስት ጊዜ አወረዱት። እርሻውም በቅጡ አልሆነም፤ ሐይቁም ሸምበቆ ዋጠው። በመጨረሻ በ1990ዎቹ አጋማሽ ውሃውን 85 ሴንቲ ሜትር መልሰው ከፍ አደረጉት። ሐይቁን የሚወድ ሕዝብ ባይኖር ያን ያህል ገንዘብና ትዕግሥት ከየት ይመጣ ነበር? ሰው እንዲከራከርለት የምንፈልገውን ቦታ ሰው እንዳያየው ማድረግ አንችልም።

ወደ ነጮቹ ክሬኖች ልመለስ። ዉድ ባፋሎ ላይ ጎጆአቸውን ማንም ጎብኚ አያይም። በመከር ግን ጫጩታቸውን አስከትለው 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል በርረው ቴክሳስ ይደርሳሉ። እዚያ የሚጠብቃቸው ጀልባ ነው። ቲኬት የቆረጠ ሰው፣ አዛውንቱም ሕፃኑም፣ መነጽሩን ይዞ ጀልባው ላይ ይቀመጣል። ጀልባው መርከቦች በሚሄዱበት ቦይ ላይ በዝግታ ይሄዳል። ወፎቹ ከጥልቅ ያልሆነው ውሃ ውስጥ ሸርጣን እየለቀሙ ነው። ቀና ይላሉ፣ ጀልባውን ያያሉ፣ ተመልሰው ያጎነብሳሉ።